እስከ አበባው የተመለሰ ጠጅ

በዚያ ዘመን በደብረ ማርቆስ ከተማ ያረረ ወጥ የሚደፋ ሰው አልነበረም። ድስቱ ከነክዳኑ ታቅፎ ሊፍት ይገባል፣ ምድር ቤት ይወረዳል፣ መላሽ ቤት በር ላይ ወረፋ ይያዛል። ጠዋት ጠዋት ያንን ሰልፍ ያየ ሰው የሕንጻውን ጓዳ ሁሉ ዞሮ እንዳየ ይቆጠራል። አንዷ የተቆረጠ ወተት በጆግ ይዛለች፣ አንዱ በካውያ ያቃጠለውን ሸሚዝ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፣ ሌላው የተጣላት ሚስቱ የጻፈችለትን ደብዳቤ በንዴት ለኩሶ ሲያበቃ ልቡ ራርቶ አመዱን በሻይ ሰሃን ሰብስቦ መጥቷል። ማንም አያፍርም። እንደምን አደራችሁ ይባባላሉ፣ ምን አረረባችሁ ይባባላሉ፣ ተራቸው ሲደርስ ይገባሉ።

ቀላል ቀላሉ ነገር እስከዚያ ድረስ አያስወርድም ነበር። ለእሱ በየቤቱ ከምድጃው አጠገብ የተሰካች ትንሽ መላሽ አለች። የቀለጠ ቅቤ ታረጋለች፣ ጨው የበዛበት ሽሮ ሲሰጧት ጨዉን ለቅማ ለብቻው ታወጣለች፣ የተሰበረ ብርጭቆ ትገጥማለች። ምድር ቤት ያለችው ትልቋ መላሽ የምትፈለገው ነገሩ ከባሕርዩ የተለወጠ እንደሆነ ነው። ልዩነቱ ከባድ አይደለም። ውሃ ረግቶ በረዶ ቢሆን፣ ፈልቶ እንፋሎት ሆኖ ቢሄድ፣ ያው ውሃ ነው፤ ልብሱን ቀየረ እንጂ ሌላ ሰው አልሆነም። እንጨት ሲነድ ግን እንጨትነቱ ቀረ፤ አመድና ጭስ ተወለዱ። አመድን ደግሞ ተመለስና እንጨት ሁን ብትሉት አይሰማችሁም። ትልቋን መላሽ ግን ይሰማት ነበር።

ስለዚህ የሕንጻው ሰው "እሜቴ" ይላታል። እሜቴም ለገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምታቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ አዲስ ነገር ተወልዶበታል ወይ? ተወልዷል ያለ ዕቃውን ያስገባል። አልተወለደም፣ ቀልጦ ነው ያለ ግን በትሕትና ወደ ቤቱ ይሸኛል።

በዚህ የተነሣ ሰው ድስት ላይ መቆም ተወ። ሽንኩርቱን ጥዶ ገበያ ይሄዳል። ወተቱን ፀሐይ ላይ ረስቶ ይተኛል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲሉ ሽማግሌዎች ቢተርቱ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያዩና ለምን ብለው ይጠይቃሉ፤ ሽማግሌዎቹም ሳል ይይዛቸዋል።

እሜቴ መጀመሪያ እንደመጣች እንዲህ ያለ ወግ አልነበራትም። ከሩቅ አገር እንደተሠራች ነው የተተከለችው፤ በቃ ሲሏት ቀጥ ትላለች። ይህ ነገር ነዋሪውን ክፉኛ አስቀየመው። አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ያረረ ዶሮ ወጥ አስገብተው፣ ገና ግማሹ እንኳ ሳይመለስ፣ ለወጉ ያህል "በቃኝ፣ አትድከሚ" ቢሏት እሺ ብላ ግማሽ ያረረውን አስታቀፈቻቸው። ወይዘሮዋ ቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆመው እንባቸው መጣ። አንድ ጊዜ እንኳ ትንሽ ልጨምርልዎ አላለችኝም፣ እንዲህ ያለች ንፉግ በሰው አገር ትዋል እንጂ በእኛ ምን ትሠራለች አሉ። ስብሰባው በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ እሜቴ የአገሩን መስተንግዶ ትማር። ተማረችም። ከዚያ ወዲህ ሰው የመጀመሪያውን በቃ ቢላት አትሰማም፣ ሁለተኛውን አትሰማም፤ አጥብቆ እንቢ ያለውን ደግሞ ይበልጥ ይሉኝታ የያዘው እሱ ነው ብላ ይበልጥ ትጨምርለታለች። ሁሉም ደስ አለው። ጋሽ ያብስራ እንኳ ያን ቀን እጃቸውን አውጥተው ነበር።

ጋሽ ያብስራ ጡረታ የወጡ የሊፍት ጠጋኝ ናቸው። በዕድሜ እኩዮቻቸው የሆኑት ሽማግሌዎች ሁሉ ያብስራ፣ ናሆም፣ ማክቤል ይባላሉ፤ እነሱ በተራቸው የጥንቱን ስም ናፈቁና ልጆቻቸውን አስረስ፣ ዘነበወርቅ እያሉ አወጡላቸው። እንግዲህ የጋሽ ያብስራ ልጅ አስረስ የቡሬውን የጋሽ ማክቤልን ልጅ ዘነበወርቅን አገባ። ነገሩ ሁሉ የጀመረው እዚያው ሠርጉ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ጋሽ ማክቤል በቡሬና በአካባቢው ጠጅ በመቅመስ የታወቁ ሰው ነበሩ። ብርሌውን ወደ መብራቱ አነሡ፣ አዩት፣ አንድ ጊዜ ተጎነጩ፣ አስቀመጡት። ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ፍርዳቸውን ጠበቁ።

"ደኅና ነው" አሉ። "ብቻ ማንም አልደከመበትም።"

እውነታቸውን ነበር። ጠጁ ከአዳራሹ ቧንቧ የተቀዳ ነው። ጋሽ ያብስራ ግን በልጃቸው ሠርግ፣ በወገን ፊት፣ ይህን ቃል መዋጥ አቃታቸው። ብድግ አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ኤልዳና የኮታቸውን ጫፍ ቢይዟቸውም ኮቱን ጥለው ተነሡ።

"ጋሽ ማክቤል፣ ለቅልቅሉ እኔ ቤት ሲመጡ በዚች በቀኝ እጄ የጣልሁትን፣ መላሽ ያልነካችውን ጠጅ አጠጣዎታለሁ። ይህን ካላደረግሁ ልጅዎን መልሰው ይውሰዱ።"

 ሙሽራዋ ሙሽራውን አየች፣ ሙሽራው አባቱን አየ። ጋሽ ማክቤልም ጺማቸውን በመሐረብ ጠርገው ሰው ሰምቷል አሉና ተቀመጡ። ቅልቅሉ፣ ማለት የወንዱ ቤት የሴቷን ወገን ጠርቶ አብልቶ አጠጥቶ የሚዛመድበት ግብዣ፣ ለጠጁ ሲባል ወር ያህል ወደፊት ተገፋ።

ጋሽ ያብስራ ማሩን ከጮቄ ግርጌ ከአንድ ንብ አናቢ ለምነው አመጡ። ጋኑን አጥበው በወይራ አጠኑት፣ ማሩን በውሃ በጠበጡት፣ ጌሾውን ቀቅለው ጨመሩበት፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ አስረው ሳሎን ጥግ አስቀመጡት። እስከዚህ ማንም ነቀፋ አያገኝባቸውም። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አለመኖሩ ነው። ሲደውሉላቸው ሮጠው የተበላሸ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው፣ መጠበቅ የሚባለውን ሥራ የት ይማሩት። ጧት ተነሥተው ጨርቁን ፈተው ያዳምጣሉ። ከምሳ በኋላ ፈተው ያሸታሉ። ማታ አንድ ማንኪያ ይቀምሳሉ።

እትዬ ኤልዳና ደጋግመው ነገሯቸው። አራስ ቤት ነው እንዴ እንዲህ የምትመላለስበት፣ አየር አታስገባበት አሏቸው። እሳቸው ግን ሕመምተኛ ሳይጠየቅ አይድንም እያሉ መፍታታቸውን አልተዉም። የጠጅ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፤ ተከድኖ ሲፈላ ማሩ ወደ ጠጅ ይለወጣል፤ ሲከፋፍቱት ግን ጠጁ ራሱ መለወጡን አያቆምም፣ አየሩን ይዞ ወደ ኮምጣጤ ይነጉዳል። ለውጥ አንዴ እግሩን ካነሣ እዚህ ላይ ቁም የሚለው ይሻል።

የቅልቅሉ ዕለት እሑድ ጧት ጋሽ ያብስራ ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ። ሰላጣ ላይ የሚደረግ ኮምጣጤ ነበር። የቡሬ ሰዎች ለምሳ ይደርሳሉ። እትዬ ኤልዳና ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ሕንጻው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጋሽ ያብስራ ጋኑን ባለ ጎማ ጋሪ ላይ ጫኑና፣ ራሳቸው ሃያ ዓመት ሲጠግኑት የኖሩትን ሊፍት ጠርተው፣ ወደ እሜቴ ወረዱ። መላሽ ያልነካችው ጠጅ ብለው መማላቸውን አልረሱም። ግን ትንሽ ብቻ ነው አሉ በልባቸው፤ አንዲት እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ።

"እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ያብስራ" አለች እሜቴ። "አዲስ ነገር ተወልዶበታል?"

"ኮምጣጤ ተወልዶበታል።"

"ይማርልዎ። ይግባ።"

ጋኑ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከመስኮቷ የሚወጣው ሽታ ተለወጠ። ኮምጣጤው ሄደ፤ ያ የጠጅ ሽታ፣ ጉሮሮ የሚያሳክከው፣ ብቅ አለ። ጋሽ ያብስራ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያማረ ጠጅ ነበር። ራሳቸው የሠሩት ያማረ ጠጅ።

"በቃ፣ እሜቴ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ምነው? ገና ምን ተነካና።"

"የለም፣ በቃኝ።"

"ለእኔ ሲሉ ትንሽ።"

"በእውነት በቃኝ፣ እሜቴ፤ አቁሚልኝ።"

"በሞቴ" አለች እሜቴ። ሞት የሌላት ናት፣ ግን ቃሉን ከልቧ ነበር የምትለው።

ጠጁ ወደ ኋላ መፍላት ጀመረ። ሲፈላ አረፋ ሆኖ የወጣው ትንፋሽ መመለስ ነበረበት። ትንፋሹ ደግሞ ጠፍቶ አልነበረም፤ በዓለም ላይ የሚጠፋ ነገር የለም፣ ሌላ ሰው ቤት ገባ እንጂ። እሜቴም ከየቤቱ ሰበሰበችው። አራተኛ ፎቅ ወይዘሮ ሶሊያና ለዳቦ ያቦኩት ሊጥ ኩፍ ብሎ ሳለ ጭብጥ ሆኖ ቁጭ አለ። ለልደት የተገዛው ለስላሳ ሁሉ አረፋው ሞቶ የስኳር ውሃ ሆነ። ጋሽ ያብስራ ይህን አላወቁም፤ እሳቸው በመስኮቷ የጌሾው ቅጠል እየለመለመ ወደ ዘንጉ ሲመለስ እያዩ ነበር።

ሰውዬው ያላሉት ነገር የለም። እንግዳ ይመጣብኛል አሉ። ሐኪም ከልክሎኛል አሉ። እሜቴ ሁሉንም ሰማች፣ ለሁሉም መልስ ነበራት፤ ቤተኛ አይደሉም እንዴ፣ ይሉኝታ አይያዝዎ፣ እንዲህ ሆነው ቢወጡ ሰው ምን ይለኛል። እሳቸው በጮኹ ቁጥር እሷ ትለሰልሳለች። መስደብ ፈለጉ፤ ነገር ግን በሰው ቤት፣ ያውም የሚያስተናግዳቸውን፣ እንዴት አድርገው። ጠጁ ብርዝ ሆነ። ብርዙ ተለያየ፤ ውሃው ለብቻ፣ ማሩ እንደ ወርቅ ከሥር ሆነ። ጋሽ ያብስራ ማሩ ከተረፈ ምንም አይደለም ሲሉ ተስፋ አደረጉ። እሜቴ ግን በቃ ሲሏት ቀጥ የምትለው የትናንቷ እንግዳ አልነበረችም። ማሩ ንብ ክንፏን እያራገበች ያደረቀችውን ውሃ መልሶ መጠጣት ጀመረ። ቀጠነ፣ ነጣ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በአገሩ እውነተኛው በቃ በአፍ አይነገርም። ጠጪው የምር የበቃው እንደሆነ የብርሌውን አፍ በመዳፉ ይከድናል፤ ያን ጊዜ የሚቀዳው ሰው ማንም ቢሆን እጁን ይሰበስባል። ጋሽ ያብስራ ቀኝ እጃቸውን በመስኮቷ አስገብተው የጋኑን አፍ በመዳፋቸው ከደኑ።

"እንግዲያውስ አልጫንዎትም" አለች እሜቴና ወዲያው ቆመች።

እጃቸውን ሲያወጡ ግን እጁ የእሳቸው አልነበረም። ማለት የእሳቸው ነበር፣ ግን ከትዳር በፊት። ቆዳው የተወጠረ፣ ጅማቱ ያልታየ። የሊፍት ገመድ የላጠው መሐል ጣት ዳነ፤ በር ቀርጥፎት የወደቀው የአውራ ጣት ጥፍር በቅሎ ያብረቀርቃል። ከእጅ አንጓቸው በላይ ሽማግሌ፣ ከእጅ አንጓቸው በታች ጎረምሳ ሆኑ። እሜቴን መልሺልኝ ማለት ከንቱ ነበር። እሷ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት መንገዱን አታውቀውም። ወደ ፊት የሚወስደው ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ኤልዳና ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ባላቸው ሳሎን ቁጭ ብለው፣ ቀኝ እጃቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ጋኑን ያያሉ። እትዬ ኤልዳና ክዳኑን አንሥተው አዩ። ደብዘዝ ያለ፣ እንደ ውሃ የቀጠነ፣ የአደይና የግራዋ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሞልቶታል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አበባ ነው።"

 ፎጣውን ፈቱት። ረጅም ጊዜ እጁን አዩ፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ፊታቸው ላይ የወጣቶች የሚመስል ነገር አለፈ። ጋሽ ያብስራ ቁጣው ቀረልኝ ብለው ተንፈስ አሉ።

"ይህቺን እጅ አውቃታለሁ" አሉ እትዬ ኤልዳና። "መጀመሪያ ስትይዘኝ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቤት እሠራልሻለሁ ያለችኝ ናት። ያኔም ውሸታም ነበረች።" እጁን ጭናቸው ላይ ጣሉት። "አፍህን ነበር ማስገባት። እጅህ ምን አጠፋ።"

ሆኖም ሚስት ናቸውና ምክር አልነፈጉም። ጋሽ ያብስራ የቧንቧ ጠጅ ላምጣ ቢሉ እትዬ ኤልዳና ፈጽሞ እንዳይሆን አሉ፤ የቡሬው ሰው በአንድ ጉንጭ ያውቀዋል፣ ውሸት ደግሞ በውሸት ላይ ሲደረብ ይወድቃል። ቃጠሎ ነው ብለህ ጠቅልለው፣ ምግቡ ይበላ፣ ሰው ጠግቦ ሲሥቅ ያን ጊዜ ንገራቸው አሏቸው። ጋሽ ያብስራ እንደታዘዙት ጠቀለሉ።

የቡሬ ሰዎች መጡ። በጉንጭ መሳሳም ነበርና የእጁ ነገር በሩ ላይ በሰላም አለፈ። ጋሽ ማክቤል ጋኑን በዓይናቸው ፈልገው አገኙት፣ ጺማቸውን ዳሰስ አደረጉ፣ ገና ነው ብለው ተቀመጡ። ሙሽራዋ ዘነበወርቅና አስረስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የዘነበወርቅ ዓይን አላረፈም፤ ጋኑንና አማቷን እያፈራረቀች ታያለች። በሠርጉ ቀን የተነገረው ስለ እሷ እንጂ ስለ ማንም እንዳልነበር ያወቀች እሷ ብቻ ትመስል ነበር።

መሶቡ ቀረበ። ወጉ ደግሞ ባለቤቱ የእንግዶቹን ታላቅ ሳያጎርስ ማንም እጁን አይዘረጋም። ጋሽ ያብስራ ግራ እጃቸውን አነሡ፣ መልሰው ጣሉት። በግራ ማጉረስ ከስድብ ይቆጠራል። እጄን እሳት ነክቶብኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ባለቤቴ ታጉርስልኝ አሉ። የቡሬ ሰዎች ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቁ አይደሉም። አንዷ አክስት እኛን ንቀውን ነው አሉ በሣቅ፤ አንዱ አጎት ትንሽ ብቻ፣ ጫፏን ብቻ አሉ። ከግራ ከቀኝ ለመኗቸው። ጋሽ ያብስራ እንቢ ባሉ ቁጥር ልመናው ጠና። ይህ ነገር ጧት እሜቴ ዘንድ ያዩት መሆኑ ትዝ አላቸው።

በመጨረሻ ጋሽ ማክቤል ተናገሩ።

"ቢቆስልም በቆሰለው ያጉርሱኝ፣ አማቼ። ዝምድና በግራ አይጀመርም።"

ጋሽ ያብስራ ፎጣውን ፈቱ። እንጀራ ጠቅልለው ወጡን አጠቀሱ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ማክቤል አፋቸውን ከፈቱ፣ ጎረሱ፣ ማኘክ ጀመሩና ማኘካቸውን አቆሙ። የእጁን አንጓ ያዙ። ወደ መብራቱ አነሡት፤ ልክ ብርሌ እንደሚያዩት አገላብጠው አዩት። የቤቱ ሰው ሁሉ አየ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እጅ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም።

"ይህ እጅ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ጧት እኩያዬ ነበር" አሉ ጋሽ ያብስራ።

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። ሁሉንም ተናገሩ፤ ጨርቁን በየሰዓቱ መፍታታቸውን፣ ኮምጣጤውን፣ አንዲት እርምጃ ብለው መውረዳቸውን፣ በሞቴውን። እትዬ ኤልዳና ሳይጠየቁ ተነሥተው ለእያንዳንዱ በብርሌ ቀዱለት። ሰው ወደ አፉ አስጠጋ፣ ቀመሰ። ቀጭን፣ ጣፋጭነቱ ከሩቅ የሚሰማ ነገር ነው።  የሜዳ ሽታ ነበረው፣ ዝናብ ያባራበት ሜዳ፤ ሕንጻዎቹ ሳይወጡበት በፊት ከመንገዱ ማዶ የነበረው። ወጣቶቹ ምን እንደሚሸት አላወቁም። ሽማግሌዎቹ አውቀዋል፤ ግን እነሱም ከየት እንደሚያውቁት ለመናገር አልቸኮሉም።

"እህ" አሉ አጎትዬው በመጨረሻ። "ይህንንስ ንቦቹም አልደከሙበት።"

ሰው ሣቀ። ጋሽ ማክቤል አልሣቁም። ብርሌውን አስቀምጠው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ጋሽ ያብስራ መሬት ተከፍቶ ቢውጣቸው በወደዱ ነበር።

"ዘነበወርቅ" አሉ ጋሽ ማክቤል። "በሠርግሽ ቀን የተባለውን ሰምተሻል። ጠጁ እንደተማለለት አልሆነም። ምን እናድርግ?"

ዘነበወርቅ ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። "አባዬ" አለች፣ "እኔ ድስት አይደለሁም።"

አስረስ ከጎኗ እጁን በእጇ ላይ አደረገ። ጋሽ ማክቤል የሁለቱን እጅ አዩ። ከዚያ እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅ ስትዳር እንደ በረዶ አይደለችም አሉ፣ ሞቅ ሲል ወደ ነበረችበት የምትመለስ፤ እንደ እንጨት ናት፤ ነድዳ ሌላ ሆናለች፤ እሳቱም የእሷ ነው፣ ሙቀቱም። ስለዚህ ማንም ማንንም አይመልስም። ቃል ግን ቃል ነው። ጋሽ ያብስራ በእጄ የጣልሁትን አጠጣለሁ ብለዋል፣ እንግዳውም ሳይጠጣ ቅልቅል ተፈጸመ አይባልም።

"ስለዚህ ጠጁን እንደገና ይጣሉ" አሉ። "እኛ እስኪደርስ እንጠብቃለን።"

ሰው ሁሉ ሌላ የምሳ ቀጠሮ መስሎት ነበር። ጋሽ ማክቤል ግን ጫማቸውን አውልቀው በወጉ ጥግ አስቀመጡና መኝታው በየት በኩል ነው አሉ።

እትዬ ኤልዳና ፊታቸው ላይ ከእንግዳ ተቀባይነት በቀር አንዳች አልታየም። ቤታችሁ ነው አሉ። ጓዳ ገብተው ግን ባላቸውን ጠርተው አንድ ቁና ሽንኩርት ፊታቸው አፈሰሱ፤ እጁ ጎረምሳ ነው፣ አይደክመውም፣ ይላጥ አሉ።

በማግስቱ ጋሽ ማክቤል ራሳቸው ጮቄ ግርጌ ሄደው ማር አመጡ። ጋኑን ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው አጠቡ። ጋሽ ማክቤል እያዘዙ፣ ጋሽ ያብስራ እየሠሩ ጠጁ ተጣለ። የቡሬ ወገን ከሁለት ቀን በኋላ ወደየሥራው ተበተነ፤ ጋሽ ማክቤል ብቻ ቀሩ። ፍራሻቸውን ከጋኑ አጠገብ ዘረጉና ጨርቁን ለመፍታት የመጣ ሁሉ በእሳቸው ላይ ተራምዶ እንዲሄድ አደረጉ። ጋሽ ያብስራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞከሩ። ኋላ ግን ሁለቱ ቁጭ ብለው ጋኑ ውስጥ የሚፈነዳውን አረፋ ማዳመጥ ለመዱ። ይህኛው ጠንከር አለ፣ ያኛው ሰነፍ ነው ይባባላሉ። ስለ አባቶቻቸው አወሩ፣ ስለ ሊፍት አወሩ፤ ጋሽ ማክቤል ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ቡሬ ያለው ቤታቸው ለአንድ ሰው እንደሚሰፋ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፣ ደግመው አላነሡትም። በዚህ መሐል ያቺ ጎረምሳ እጅ ሽንኩርት ላጠች፣ ውሃ ቀዳች፣ ጋን ፈተገች፤ አንድ ቀን ቢላው ሸርተት አለና አመልካች ጣቷን ቆረጣት። ጋሽ ያብስራ ጠባሳውን ለጋሽ ማክቤል አሳዩ። ጋሽ ማክቤልም መልካም ጅምር ነው አሉ።

ጠጁ የደረሰ ዕለት አስረስና ዘነበወርቅ ተጠሩ፣ አጎትዬውና አክስትዬዋ ከቡሬ መጡ። ጨርቁ ተፈታ። ሽታው ሳሎኑን ሞላው፤ ወይዘሮ ሶሊያና ከአራተኛ ፎቅ ምን ገባላችሁ ብለው ወረዱ። እትዬ ኤልዳና ቀዱ። ጋሽ ማክቤል ብርሌውን ወደ መብራቱ አነሡ። ጠጁ እንደ ንጋት ፀሐይ ነበር። ተጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። 

"ጥሩ ነው" አሉ ጋሽ ማክቤል። ዓይናቸውን ገለጡ፣ ቤቱን አዩ፣ በየጥጉ የተቀመጠውን ሰው አዩ፣ ፍራሻቸውን አዩ። "ጥሩ ነው። ብቻ ትንሽ ይቀረዋል።"

ጠጁ መድረሱን የቀመሰ ሁሉ ያውቅ ነበር። አጎትዬው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አክስትዬዋ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ጋሽ ያብስራ ባለቤታቸውን አዩ። እትዬ ኤልዳና ብርሌውን ከጋሽ ማክቤል እጅ ተቀብለው እንደገና እስከ አፉ ሞሉላቸው፤ ከዚያም ቀዝቀዝ ብሏል፣ ዛሬ ደግሞ አንድ ብርድ ልብስ ይደረብልዎ ብለው ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዱ።